በወጨጫ ጽዶች ሥር

ክረምቱ ወጥቶ ምድር በአበባ ስትሸፈን የሚገባውን ወራት ብዙ ሰው ጸደይ ይለዋል። በባሕረ ሐሳብ ቈጠራ ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መፀው ነው፤ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። የአብነት ትምህርት ቤት ያስለመደን ነገር ሆኖ ይህን ሳናርም ማለፍ አይሆንልንም። ባለቤታችን ይህን ስትሰማ «ስሙን ይተዉትና አበባውን ይመልከቱ» ትለናለች፤ እኛም በዚያ ዕለት የወጣነው አበባውን ለማየት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በልጃችን ደብተር ነው። በ2017 ዓ.ም. ትምህርት እንደ ተከፈተ መምህሯ የ10 አገር በቀል ዛፎችን ስም ጽፋ እንድታመጣ አዘዟት። ልጃችን 11 ዓመቷ ነበር። ማታ ደብተሯን ብናይ የተጻፈው 3 ስም ብቻ ሆኖ አገኘነው፤ ከእነዚያም ሁለቱ ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ነበሩ፤ ሁለቱም ከአውስትራልያ የመጡ ናቸው። ሦስተኛው ጽድ ነው። «ጽድን የት አየሽው?» ብንላት «ለገና በዓል ገበያ ላይ ሲሸጥ» ብላ መለሰችልን። በየጉባኤው ስለ ዕውቀት ሲናገር የሚውል መምህር በገዛ ቤቱ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው የሚሰማውን ኀፍረት የሞያ ባልደረቦቻችን ያውቁታል። ስለዚህም ጥቅምት 9 ቀን፥ ቅዳሜ፥ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን ልጃችንን ይዘን ወደ መናገሻ ሱባ ደን ሄድን።

ይህ ደን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ጎን ላይ የተዘረጋ ነው፤ የተራራው ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3300 ሜትር ያልፋል። እኛ የሄድነው በሰበታ በኩል ነበር። የጠጠሩን መንገድ ከያዝን በኋላ በግራና በቀኝ የጤፍና የስንዴ ማሳ፥ በየድንበሩም ላይ ገና ያልረገፈ አደይ አበባ ይታይ ነበር። ከዚያ በኋላ ማሳው ድንገት ያልቅና ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ነገር እንደ መጋረጃ ፊት ለፊት ይቆማል። አየሩም በዚያው ቅጽበት ይለወጣል፤ የቀዘቀዘና የጽድ ሽታ ያለው ነው።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት፥ የጽድ ዘር በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው በዚህ ተራራ ላይ እንዳስተከሉ ይተረካል። ነገሩ በአፍ ሲተላለፍ የመጣ ነውና የታሪክ መምህር ማስረጃ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ትውልድ ሁሉ «ይህ ንጉሥ ያስተከለው ነው» እያለ መጥረቢያውን መመለሱ ራሱ አንድ ነገር ነው፤ ዛፍን ከሚያኖሩት ነገሮች አንዱ ስለ እርሱ የሚነገረው ወሬ ነውና።

በደኑ በር ላይ አንድ ጠባቂ ተቀበሉን። ዕድሜያቸው ከ60 የሚያልፍ፥ ጋቢ የደረቡና ቀጭን ዘንግ የያዙ ሰው ናቸው። ትእዛዛቸው አጭር ነበር፤ አትጩኹ፥ ቅርንጫፍ አትስበሩ፥ የበላችሁበትን ወረቀት አትጣሉ። «ከዚህ ወዲያ ቤቱ የእነርሱ ነው፤ እኛ እንግዶች ነን» አሉና ፊት ፊታችን ሄዱ።

መንገዱ ለአንድ ሰው ብቻ የምትበቃ ቀጭን ዱካ ናት። ክረምቱ ከወጣ ገና ጥቂት ሳምንታት ነውና መሬቱ ውኃውን አልጨረሰም፤ በየሥሩ ሽበት የመሰለና አረንጓዴ ሽበት የበቀለበት ግንድ፥ ከግንዱም ሥር እንጉዳይ፥ ከእንጉዳዩም አጠገብ ስሟን የማናውቃት ሐምራዊ አበባ። ከላይ ፀሓይ አለች፤ ከታች ግን የምትደርሰው ቁራጭ ቁራጭ እየሆነች ነው። ጠባቂው በቀስታ ይራመዳሉ፤ እኛ ግን የከተማ ጫማ አድርገን ስለ ነበር ከመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ተንሸራተን በጭቃው ላይ ተቀመጥን። ልጃችን አትጩኹ የተባለውን አስባ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ትንሽ ቆይቶ እርሷን ደግሞ ሳማ ፈጃትና ሒሳባችን ተስተካከለ።

ስሞቹን እየቆመች ትጽፍ ነበር። ጠባቂው የአካባቢው ተወላጅ ናቸውና ዛፉን አስቀድመው በኦሮምኛ ይጠሩታል፤ እኛም በአማርኛ እንከተላለን። ጽድን ጋቲራ፥ ዝግባን ቢርቢርሳ፥ ወይራን ኤጄርሳ አሏት፤ እርሷም ደብተሯን በመስመር ለሁለት ከፍላ ሁለቱንም ስም ትይዩ ጻፈች፤ ይህን ያዘዛት ማንም የለም። ከፍ ወዳለው ቦታ ስንደርስ ቅጠሉ ሰፋ ያለ፥ ልጡ እንደ ብራና የሚላጥ ዛፍ አገኘንና «ይህስ?» አለች። ጠባቂው «ሄጦ» ሲሉ እኛ «ኮሶ» አልን፤ ባልንም ጊዜ ያ ምሬት ከልጅነታችን ተነሥቶ ምላሳችን ላይ መጣ። እናታችን በባዶ ሆድ ኮሶ ያጠጡን ጊዜ የሸሸነው እስከ ወንዝ ድረስ ነበር። ልጃችን ይህን ስትሰማ ዛፉን በአዲስ ዐይን ተመለከተችው።

እንዲህ ስንሄድ ከበላያችን የቅጠል መንኳኳት ሰማን፤ ቀና ብንል ሰባት ስምንት የሚሆኑ ጉሬዛዎች ከአንዱ ዝግባ ወደ ሌላው ይዘልላሉ። ጥቁር ገላቸው ላይ ነጩ ጠጕር ከትከሻ እስከ ወገብ ወርዶ ሲዘልሉ በአየር ላይ ይዘረጋል። «ካባ ለብሰዋል!» አለች ልጃችን በሹክሹክታ። ጀርመናዊው ሊቅ ሩፔል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1835 ይህን እንስሳ በሳይንስ መዝገብ ሲያስገባው «ኮሎቡስ ጉሬዛ» ብሎታል፤ የመጀመሪያው ቃል በግሪክ ቋንቋ የተቈረጠ ማለት ሲሆን አውራ ጣት ስለሌለው ነው፤ ሁለተኛው ግን ከእኛው አገር የተወሰደ ነው። በዓለም ያሉ የእንስሳት ሊቃውንት ሁሉ እንግዲህ ጉሬዛን በሐበሻ ስሙ ይጠሩታል። ልጃችን ይህን ስትሰማ ደረቷን ነፋ አደረገች፤ ካባው የእርሷ የሆነ ይመስል።

ድኩላውን ያየነው ግን ባልጠበቅነው ቦታ ነው። መንገዱ በአንዲት ጅረት ላይ ሲታጠፍ ጠባቂው ዘንጋቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው አቆሙን። ከጅረቱ ወዲያ፥ ከአሥር እርምጃ በማይበልጥ ርቀት፥ ጥቁር ለመሆን ጥቂት የቀረው ወንድ ድኩላ ቆሟል፤ የምኒልክ ድኩላ የሚባለው የደጋው ዓይነት ነው። አንድ እግሩን አንሥቷል። ጆሮው ብቻ ይንቀሳቀሳል። እኛም አልተነፈስንም፤ እርሱም አልሸሸም። ምን ያህል እንደ ቆየን አናውቅም። በመጨረሻ እንደ ውሻ ያለ አንድ ጩኸት አሰምቶ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ፤ ቅጠሉም ከበስተ ኋላው ተገጠመ፤ ጭራሽ ምንም እንዳልነበረ ሆነ።

ልጃችን እጃችንን ጨብጣ «ማን ነው የሚያሳድደው?» አለች። ወራቱ ዘመነ ጽጌ ነው፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ፊት ወደ ግብፅ መሰደዷን ቤተ ክርስቲያናችን የምታስብበት ነውና፥ ስደትን በዚያ ሳምንት በሰንበት ትምህርት ቤት ተምራው እንደ ነበር ተረዳን። ጠባቂው ጥያቄዋን በቁም ነገር ተቀበሉት። «ድሮ ነብር ነበር፥ ልጄ። ዛሬ ውሻና ወጥመድ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን መጥረቢያ ነው፤ ውሻ ቢያባርረው ይመለሳል፤ መሸሸጊያው ከተቈረጠ ግን ወዴት ይመለሳል?» አሉ።

ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ አንድ ታላቅ ጽድ በዕድሜ ብዛት ወድቆ ተኝቷል። የያዝነውን ዳቦና ቆሎ ልንበላ በላዩ ተቀመጥን፤ የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም ቢሆንም በቤታችን ይጾማል። ግንዱ ከወደቀ ብዙ ዘመን መሆኑን ጠባቂው ነገሩን፤ ውስጡ ግን ገና ቀይና ጠንካራ ነው፤ በጥፍር ቢፍቁት ይሸታል። ጽድ እንዲህ ነው፤ ምስጥም ብስባሽም ቶሎ አያሸንፈውም፤ ስለዚህም አባቶቻችን ለቤተ መቅደስ ምሰሶና በር ሲመርጡት ኖረዋል። እንጨቱ ለስላሳና ቀጥ ብሎ የሚፈለጥ በመሆኑ እንግሊዞች የአፍሪቃ የእርሳስ ዛፍ ብለውታል፤ እርሳስ ይሠራበት ነበርና። ለመምህር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለ ዘርዐ ያዕቆብም የሚተረከውን ለልጃችን በዚያ ነገርናት።

ዳቦዋን እየቈረሰች ጥቂት አሰበችና «አባባ፥ እርስዎስ ስንት ጽድ ተክለዋል?» አለችን።

መልስ አልሰጠንም። ጠባቂው በዚያን ጊዜ ሊጸዳዱ ይሁን ሊያሳርፉን ራቅ ብለው ሄደው ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ልጅ ከጠየቀ በኋላ ዝም ብሎ መብላት እንደማይቻል የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ ነገርናት፤ ለማንም ተናግረነው የማናውቀውን ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተወለድንበት አጥቢያ አዲስ መምህር ሆነን ተመድበን ነበር። ዲቁናችንንም ትምህርታችንንም አይተው የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ አደረጉን። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ 14 ታላላቅ ጽዶች ነበሩ፤ ዳዊት የደገምነው፥ ግእዝ የቈጠርነው፥ ቅኔ ቆጠራ ያቃተን ቀን ያለቀስነው ከእነርሱ ሥር ነው። ቅጽሩ አጥር ያስፈልገው ነበር፤ ገንዘብ አልነበረም። እኛም ሠሌዳና ጠመኔ ይዘን ስብሰባ ገባን። ጽዶቹ ያረጁ ናቸው፥ ነፋስ ሲመጣ በጣራው ላይ ይወድቃሉ፥ ተሸጠው በምትካቸው 600 ባሕር ዛፍ ቢተከል በ7 ዓመት ይህን ያህል ብር ይገኛል ብለን በሠሌዳው ላይ አበዛን፥ ደመርን፥ አሳየን። ማባዛቱ ስሕተት አልነበረበትም። ጉባኤው ተስማማ፤ ቃለ ጉባኤውን ጻፍን። እዚህ ላይ «እኛ» ስንል ጉባኤውን ማለታችን አይደለም፤ ብዕሩን የያዘውን አንዱን ሰው ማለታችን ነው።

የተቃወሙት የቅኔ መምህራችን የኔታ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩን ሁሉ ሰምተው ከጨረሱ በኋላ «የእንጨቱን ዋጋ በደንብ ቈጥረኸዋል፥ ልጄ፤ ጥላውን ግን በስንት አስገባኸው?» አሉን። ሰዎቹ ሳቁ። እኛም አብረን ሳቅን፤ ሳቃችንን ነው እስከ ዛሬ የማንረሳው።

የሞተር መጋዙ ሥራውን በ3 ቀን ጨረሰ። ቅጽሩ የቆርቆሮ አጥር አገኘ። ባሕር ዛፉም ያልነውን ያህል በፍጥነት አደገ። ባሕር ዛፍን እንረግመው ዘንድ አንወድም፤ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ስንቱን ጎጆ ያቆመ፥ የስንቱን ድኻ ምድጃ ያሞቀ ነው፤ ጥፋቱ በማይገባው ቦታ የተከለው ሰው ነው። ከሥሩ ሣር እንኳ እንደ ልብ አይበቅልም። በቅጽሩ ግርጌ የነበረችው ምንጭ በየዓመቱ ጥር ላይ ትደርቅ ጀመር፤ ባሕር ዛፉ ብቻውን አደረቃት ብለን አንፈርድም፥ ዝናቡም ራሱ ያጠረባቸው ዓመታት ነበሩ፤ ቀድሞ ግን አትደርቅም ነበር። የኔታ ጉባኤያቸውን ከጥላው ወደ ደጀ ሰላሙ በረንዳ አዛወሩ። አንድ የትንሣኤ ሌሊት ለማኅሌት ቆመን ሊነጋጋ ሲል አንድ ነገር እንደ ጐደለ ተሰማን፤ ምን እንደ ሆነ ያወቅነው ከወጣን በኋላ ነው። ወፎቹ አልጮኹም። የጽድን ፍሬ እየበሉ ዘሩን የሚዘሩት እነርሱ ነበሩ፤ የሚበሉት ሲታጣ ሄዱ።

በዚያው ዘመን አካባቢ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007፥ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያጠኑበትን የዶክትሬት ጽሑፍ በሆላንድ አገር አቀረቡ። በ28 አብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቁጥቋጦና ሐረግ ተቈጥሮ ተገኘ። በኋላም ከብት እንዳይገባና ቡቃያው እንዲያድግ ከየአጥቢያው ሕዝብ ጋር በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል። ይህን ያነበብነው ብዙ ዘግይተን ነው። በዙሪያው ምድሩ ሁሉ ታርሶ ሳለ ቤተ ክርስቲያን ዛፍ ጠብቃ ያኖረችበትን ቦታ ሊቃውንት ከሩቅ መጥተው ሲቈጥሩ፥ እኛ በውስጧ ያደግን የራሳችንን ቈጥረን ሸጥነው።

ልጃችን ይህን ሁሉ ዳቦዋን በእጇ ይዛ ሰማች። ስለ ገንዘቡም ስለ ምንጩም ምንም አልጠየቀችም። «የኔታ አሉ?» አለች።

«አሉ። ሸምግለዋል፤ ዐይናቸውም ደክሟል።»

«ይቅርታ ጠየቋቸው?»

አለመጠየቃችንን ነገርናት። በየዓመቱ በበዓል እየሄድን መስቀል ስንሳለም፥ ስለ ጤናቸው ስንጠይቅ፥ ሻሽና ስኳር ስንወስድ፥ ያን ነገር አንድ ቀን እንኳ አላነሣነውም፤ እርሳቸውም አላነሡብንም። የእርሳቸውን ዝምታ እንደ ይቅርታ ቈጥረን ኖረናል፤ ሒሳብ አዋቂ ነንና።

ጠባቂው ተመልሰው መጡ። ልጃችን ደብተሯን አሳየቻቸው፤ ብሳናን፥ ጥቁር እንጨትን፥ ግራርን፥ አጣጥን፥ አሜጃን ጨምሮ 9 ደርሶ ነበር። «አንድ ጐደለኝ፥ ጋሼ» ስትላቸው በዘንጋቸው ወደ ላይ፥ ተራራው ከደመናው ጋር ወደሚገናኝበት አመለከቱ፤ «እዚያ አስታ አለ፤ ለመድረስ ግን ዛሬ መሽቶባችኋል» አሉ። ሳታየው መጻፍ ተገቢ መሆን አለመሆኑን ጠየቀችን። ከታች «ከሩቅ የታየ» ብላ እንድትጽፍ ፈቀድንላት።

መመለሻው ቁልቁለት ነበርና ፈጠነ። ከሰዓት በኋላ ፀሓይዋ ዞራ ጠዋት ጨለማ የነበረውን ጎን ታበራ ነበር፤ ድኩላው የቆመበት ቦታ ባዶውን ነበር። ጠባቂውን አመስግነን ስንሰናበት ልጃችን ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ እርሳቸውም በኦሮምኛ መረቋት።

ያን ሌሊት ለማኅሌተ ጽጌ ቆምን። ሊቃውንቱ እመቤታችንን በአበባ እየመሰሉ ሲያመሰግኑ በመቋሚያችን ላይ ተደግፈን እንሰማ ነበር፤ ጫማችን ላይ የደኑ ጭቃ ገና አልለቀቀም። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ወረቀት አወጣን። «ለተከበሩ አባታችን ለየኔታ» ብለን ጀምረን ብዙ ጊዜ ቆየን። ቃለ ጉባኤውን በአንድ ጊዜ ቁጭታ ጽፈን ጨርሰነው ነበር፤ ይህ ደብዳቤ ግን ሦስት ወረቀት አበላሸ። በመጨረሻ የ14ቱን ጽዶች ነገር ስለ ጥላውም የጠየቁንን ጥያቄ በግልጽ አንሥተን ይቅር እንዲሉን ለመንናቸው፤ ከቤተ ልሔሙ በስተ ኋላ ባለው ባዶ ቦታ የጽድ ችግኝ ለመትከል ቢፈቅዱልን፥ በየዕረፍቱ እየመጣን ውኃ እንድናጠጣም ጠየቅናቸው።

ልናጥፈው ስንል ልጃችን መጣች። ከደብተሯ ላይ ገጽ ቀድዳ የ10ሩን ዛፎች ስም በሁለቱም ቋንቋ ገልብጣ ነበር፤ እርሱም ከደብዳቤው ጋር ይሂድ አለች። የኔታ ዐይናቸው ስለ ደከመ ማንበብ እንደማይችሉ አስታወስናት።

«ተማሪ ያነብላቸዋል» አለችና ከእጃችን ተቀብላ ፖስታውን ራሷ አሸገችው።